ወንበሩ ለምን ነጣ? ስለ ፓውደር ኮትና ሴራሚክ ከአንባቢያን የመጡ ጥያቄዎች

ክረምቱ ከወጣ ወዲህ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ደጅ ስለሚውል ብረት ናቸው፤ የካፌ ወንበር፣ የበረንዳ መከላከያ፣ የግቢ በር፣ ብስክሌት። ሁሉም ፓውደር ኮት የተቀቡ ናቸው፤ ጠያቂዎቹም ሴራሚክ ቢደረብባቸው ምን እንደሚጠቅም ማወቅ ይፈልጋሉ።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ እንበል። ፓውደር ኮት በኤሌክትሪክ ኃይል ብረት ላይ የሚለጠፍ ደረቅ የቀለም ዱቄት ነው። ምድጃ ገብቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይቀልጥና አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናል፤ ውፍረቱ በተለመደው ሥራ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። ቀለም ላይ የሚደረበው፣ ውሃ የሚያንከባልልና ቆሻሻ በቀላሉ እንዲለቅ የሚያደርገው፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ሴራሚክ ደግሞ ከደረቀ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ቢሆን ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉት፤ ሴራሚክ የሚችለውም የማይችለውም ከዚህ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ካፌ አለኝ። ደጅ የማወጣቸው 48 ወንበሮች ጥቁር ፓውደር ኮት ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው መቀመጫውና መደገፊያው አመድ መሰለ፤ ደንበኛ ሲነሣ ሱሪው ላይ ዱቄት ይዞ ይሄዳል። ሴራሚክ ቢቀባ ጥቁረቱ ይመለሳል ያለኝ ሰው አለ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለጊዜው የተመለሰ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ዱቄቱ ላይ የተቀባው ሴራሚክ ከነዱቄቱ ይለቃል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የነጣው ምን እንደሆነ ይለዩ።

አንዱን ወንበር ገልብጠው የመቀመጫውን ሥር ይመልከቱ። ሥሩ እንደ አዲስ ጥቁር ሆኖ ፊቱ ብቻ አመድ ከመሰለ ያደረገው ፀሐይ ነው። ቀጥሎ ፊቱን በውሃ ያርጥቡት። እርጥብ ሳለ ጠቁሮ ሲደርቅ መልሶ ይነጣል? ከደረቀ በኋላ በንጹሕ ጥቁር ጨርቅ ጫን ብለው ሲያሹት ዱቄት ይይዛል? እንግዲያውስ የቀለሙ ማያያዣ በፀሐይ ተቃጥሎ ቀለሙ ራሱ እየተፈረፈረ ነው ማለት ነው። ጨርቁ ምንም ካልያዘና ንጣቱ የጠብታ ቅርጽ ካለው ግን ማዕድን የበዛበት ውሃ የተወው ነጠብጣብ ነው። በእኩል ውሃ የተበረዘ ነጭ ኮምጣጤ በጨርቅ ነክረው አምስት ደቂቃ ቢያሳርፉበትና በብዙ ውሃ ቢያጥቡት ይለቃል። ብረቱ በተገለጠበት ቦታ ላይ ግን ኮምጣጤ አያስነኩ።

እርስዎ ሱሪ ላይ ይቀራል ስላሉ የመጀመሪያው ነው ብለን እናምናለን። የዚህ የተለመደ ምክንያት የዱቄቱ ዓይነት ነው። ኢፖክሲ የሚባለው ዱቄት ከብረት ጋር አጥብቆ ይያያዛል፣ ኬሚካልም ይችላል፤ ፀሐይ ግን አይችልም፤ ለቤት ውስጥ ነው የተሠራው። ኢፖክሲና ፖሊስተር የተደባለቀበትም ቢሆን ለደጅ አይመከርም። ለደጅ የሚሆነው ለውጭ አገልግሎት የተዘጋጀ ፖሊስተር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ ስሕተት ምሕረት የላትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ቀለሙ ላይ የሚያርፈው ጨረር ብርቱ ነው።

ወንበሩ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ አንድ ሙከራ ያድርጉ። የአንዱን ወንበር መደገፊያ በወረቀት ፕላስተር ለሁለት ይክፈሉና ግማሹን በደቃቅ የመኪና ፖሊሽና በስፖንጅ በእጅ ያሹት። ጨርቁ ጥቁር ቢሆን አይደንግጡ፤ ፓውደር ኮት አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ መኪና ከላይ ጥርት ያለ ሽፋን ስለሌለው የሚወጣው ራሱ ቀለሙ ነው። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ግን እጅዎን ያቅልሉ፤ ዱቄቱ ሲቀልጥ ከሹል ጠርዝ ስለሚሸሽ ሽፋኑ የሚሳሳው እዚያ ነው። ጥቁረቱ ጥርት ብሎ ከወጣ ሴራሚክ ሊደረብበት ይችላል። ሆኖም ሴራሚክ ጨረሩን አይጋርድልዎትም፤ ዱቄቱ ኢፖክሲ ከሆነ መፈርፈሩ ይቀጥላል።

ወንበሩ ድብዝ፣ የማያብረቀርቅ ዓይነት ከሆነ ፖሊሽ በፍጹም አያስነኩት። የታሸው ቦታ ለብቻው አብረቅርቆ ይቀራል፤ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ነገር የለም።

ሐሳባችንን በግልጽ እንንገርዎ፤ 48 ወንበር ማሸትና ሴራሚክ መቀባት አይመከርም። ቀለሙን አስነሥተው እንደገና ያስቀቡ። ለቀቢው የሚነግሩት አራት ነገር ነው፦ አሮጌው ቀለም በአሸዋ ግፊት ወይም በኬሚካል ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ ብረቱ ቅባቱ ታጥቦ ቀለም እንዲይዝ ፎስፌት በሚባለው ኬሚካል ይታጠብ፤ ዚንክ ያለው ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ሥር የሚገባ ሽፋን) ይቅደም፤ ላዩ የውጭ ፖሊስተር ይሁን። የዱቄቱን ካርቶን አሳየኝ ይበሉ፤ ዓይነቱ ተጽፎበታል። ሴራሚኩ ለአዲሱ ቀለም ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ካፌዎች ማታ ማታ ወንበሩን በኦሞና በበረኪና ያጥባሉ። ሁለቱም ቀለሙን ያደክማሉ፤ በረኪና ጠርዝ ላይ ከገባ ብረቱንም ያዝገዋል። በ5 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የወንበሩን እግር የፕላስቲክ ጫማም አልፎ አልፎ አውልቀው ውሃውን ያፍስሱ፤ የወንበር ዝገት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። የበረንዳዬ መከላከያ 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ቁመት አለው፤ አንጸባራቂ ግራጫ ፓውደር ኮት ነው፣ አዲስ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ሴራሚክ ገዝቻለሁ። ይበቃኛል? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ልሥራ?

መልስ፦ ይበቃዎታል። ቋሚዎቹ ባለ 20 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ሆነው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢቆሙ፣ የላይና የታቹ አግዳሚ ባለ 40 ቢሆን፣ ጠቅላላው ስፋት 4 ካሬ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። 30 ሚሊ ሊትር እጅ ካልከበደ 9 ወይም 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ስለዚህ ግማሽ ጠርሙስ ገደማ ይጨርሳሉ።

ሥራው ሁለት ቀን ይያዝለት። በመጀመሪያው ቀን እጠቡ። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ ከላይ በጠቀስነው መጠን ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ስፖንጁን ማለቅለቂያ ንጹሕ ውሃ። ባልዲው አንድ ብቻ ከሆነ አቧራውን ከስፖንጁ ጋር መልሰው ቀለሙ ላይ ይጎትቱታል፤ ጭረቱ ከዚያ ይመጣል። ከላይ ወደ ታች ይጠቡ፤ ቋሚው ከአግዳሚው ጋር የተበየደበትን ጥግ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሹት።

ታጥቦ ደርቆም የማይለቁ ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች ካሉ በጥፍርዎ ይዳስሷቸው። ሻካራ ከሆኑና ቀለሙ ካላበጠ ከሥር የመጣ ዝገት ሳይሆን ከአቅራቢያ ብየዳ ቤት ወይም ግንባታ የበረረ የግራይንደር ብናኝ ነው። ለመኪና የሚሸጠው የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ ሲረጭበት ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቆይተው፣ ሳይደርቅ፣ በብዙ ውሃ ያጥቡት።

ከዚያ ሌሊቱን ይተዉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቱቦላሬው መጋጠሚያ ውስጥ የገባ ውሃ ፊቱ ከደረቀ በኋላም ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አዲስ በተቀባ ሴራሚክ ላይ ከወረደ የማይለቅ ነጭ መስመር ይተዋል። ኮምፕሬሰር ካገኙ መጋጠሚያዎቹን ይንፉ።

በሁለተኛው ቀን ጤዛው ከለቀቀ በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይጀምሩና ፀሐዩ ሳይበረታ 5 ሰዓት ላይ ይጨርሱ። በረንዳው የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ከሆነ ከሰዓት ጥላ ሲሆን ይሥሩ። ብረቱ በእጅ ጀርባ ሲነካ ሞቅ ካለ አይቀባም።

መጀመሪያ በአልኮል ይወልውሉ። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ይሆናል፤ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ግን አይሆንም፤ እጅ እንዳያደርቅ ግሊሰሪን ስለሚገባበት ስስ ቅባት ይተዋል፣ ሴራሚኩም በቅባት ላይ አይያዝም። ቲነር ወይም አሴቶን አይጠቀሙ፤ ፓውደር ኮቱን ያለሰልሳሉ፣ ጮራውንም ይገድሉታል። አልኮሉን በጨርቅ እንጂ በቀጥታ አያፍስሱ፤ ጠርገው ወዲያው ያድርቁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ለመቀባት ከሴራሚኩ ጋር የሚመጣው ስፖንጅ ለቱቦላሬ ሰፊ ነው። ትንሽ ለስላሳ ጨርቅ በሁለት ጣትዎ ላይ ጠቅልለው መጀመሪያ አምስት ወይም ስድስት ጠብታ፣ ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ያድርጉ። አንዱን ቋሚ አራቱንም ጎን በአንድ ጉዞ ይቅቡ። አራት ወይም አምስት ቋሚ እንደጨረሱ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ይመልከቱ። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ናፍጣ ጠብ ሲል የሚያሳየውን ዓይነት ቀለማት ፊቱ ላይ ሲያዩ መጥረጊያው ሰዓት ደርሷል፤ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። በአንድ ማይክሮፋይበር ትርፉን ያንሡ፣ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይጨርሱ። ከዚያ የስልክዎን መብራት በጎን ያብሩበት። ጥቁር ጥላ ወይም ጭጋግ የመሰለ ምልክት ካለ አሁኑኑ ይጥረጉ፤ ነገ ከባድ ነው። በቱቦላሬ ላይ የሚረሳው ሁልጊዜ ከግድግዳው በኩል ያለው ጎንና የታችኛው አግዳሚ ሆድ ነው።

ሁለተኛ እጅ ከፈለጉ ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ለላይኛው አግዳሚ ብቻ ይስጡ፤ ፀሐይም ዝናብም የእጅ ላብም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እስከ ማግስቱ በዚያው ሰዓት ድረስ ውሃ አይንካው፤ ልብስም አያስጡበት። ሳሙና ደግሞ እስከ 7 ቀን አይንካው። ሥራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ የአንድ ቀን ሙሉ ደረቅ ሰዓት ዋስትና የለውም።

የእጅ ጓንት ያድርጉ፤ አጠገብዎ የቡና ከሰል አይኑር፣ የፈሳሹም የአልኮሉም ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል። የቀቡበትንና የጠረጉበትን ጨርቅ አጥበው መልሰው አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ እንደ መስታወት ስባሪ ሆኖ ይጭራል። የተረፈው ጠርሙስ አየር ውስጥ ባለው እርጥበት ስለሚረጋ አፉን ጠርገው አጥብቀው ይዝጉ፤ ፈሳሹ ወፍሮ ወይም ፍሬ ይዞ ካገኙት ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ሱቅ ደጅ የሚቆም የብረት መደርደሪያ እኩለ ቀን ላይ ሴራሚክ ቀባሁ። አሁን በሙሉ ዥንጉርጉር ነው፤ ጠረግሁ፣ አልለቅ አለ። ሦስት ቀን ሆነው።

መልስ፦ ብረቱ ግሎ ስለነበረ ፈሳሹ ሳይነጠፍ ደርቋል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ቢሆን ኖሮ በዚያው ቦታ ጥቂት ጠብታ አዲስ ሴራሚክ ሲቀቡበት የደረቀውን ያለሰልሰውና አብሮ ይጠረግ ነበር። አሁን መፍትሔው ፖሊሽ ነው፤ በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር እየከፈሉ ያሹት፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ በጥላ መልሰው ይቅቡ። መደርደሪያው ድብዝ ቀለም ከሆነ ግን ፖሊሽ እንደማይሆን ከላይ ብለናል። እንዲያ ከሆነ ይተዉት፤ ፀሐይና ውሃ ያሳሱታል፤ ቀለሙን ከማበላሸት ዥንጉርጉሩን መታገሥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልደታ ነው ቤቴ። የግቢዬ በር ብየዳው ላይና ከታች በኩል ቀለሙ አብጧል፤ ስጫነው ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይወጣል። ሴራሚክ ዝገቱን ያቆመዋል?

መልስ፦ አያቆመውም። ዝገቱ ቀለሙ ሥር እየሄደ ነው፤ ከላይ የሚደረብ ነገር ሁሉ አይደርስበትም። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው 9ኤች የሚባለው ጥንካሬም አያታልልዎ፤ የእርሳስ መለኪያ ነው፣ 9ኤች የተባለው ጠንካራ እርሳስ አልጫረውም ማለት ብቻ ነው። ጠጠር ሲመታው ሽፋኑ ይፈነቀላል።

ቡናማ ውሃ ወጣ ማለትዎ ደግሞ በሩ ከውስጥ እየዛገ ነው ያሰኛል። የታችኛው ቱቦላሬ ዙሪያውን ተበይዶ መውጫ ከሌለው፣ በማጠፊያውና በቡሎን ቀዳዳ የገባው የክረምት ውሃ እዚያው ይቀመጣል። በያጅ ጠርተው ከታች በኩል፣ ከሁለቱም ጫፍ አጠገብ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስበሱ። ውሃው ይውጣና ጥቂት ቀን ይድረቅ። ብረቱን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ድምፁ የፈዘዘበትና የሚሰረጉድበት ቦታ ካለ ተቆርጦ ይቀየር እንጂ አይቀባ።

ጤነኛ ከሆነ ያበጠውን ቀለም ቀለሙ አጥብቆ እስከያዘበት ድረስ ይፋቁ፤ ዝገቱን በባለ 80 የብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለሙን ጠርዝ ደግሞ በባለ 180 ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እያሳሱ ይውጡ። ብየዳው ላይ የቀረ ጥቁር ቅርፊት ካለ እሱም ይነሣ፤ ቀለም መጀመሪያውኑ ያልያዘው በሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ዕቃ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚቀባ) ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በላዩ ባለ ሁለት ዕቃ ፖሊዩሪቴን ቀለም ይቀቡ። ቀለሙን ራል በሚባለው የቀለም መለያ ቁጥር ይጠይቁ፤ ጥቁሩ በብዛት 9005፣ ጥቁር ግራጫው 7016 ነው። ሴራሚክ ማድረግ ከፈለጉ በእጅ ወይም በስፕሬይ የተቀባው ጥገና ውስጡ ያለው ቲነር እስኪወጣ ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ የብስክሌቴን አካል ትናንት ፓውደር ኮት አስቀባሁ። ሴራሚክ ለማድረግ ስንት ወር ልጠብቅ?

መልስ፦ መጠበቅ አያስፈልግም። ከምድጃ የወጣ ፓውደር ኮት ከቀዘቀዘ በኋላ የሚተን ቲነር የለውም፤ ፔዳሉና ጎማው ሳይገጠም አሁን መቀባት እንዲያውም ይቀላል። ለአንድ የብስክሌት አካል 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የፍሬኑ ዲስክ ወይም የቸርኬው ፍሬን የሚይዝበት ጠርዝ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንዳትነካ፤ ፍሬን ያሳጣል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ቸርኬውን ሌላ ክፍል ያኑሩት።

ጥያቄ፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሥጋ ቤት አለን። ደጅ ያለው የከሰል ጥብስ ምድጃ አካሉ ፓውደር ኮት ነው። ሴራሚክ ሙቀት ይችላል ይባላል፤ እንቀባው?

መልስ፦ እግሩንና የጎን መደርደሪያውን ቅቡት፤ ቅባት በቀላሉ ይለቅላችኋል። ከሰሉ ያለበትን ገንዳና ክዳኑን ግን አትንኩ። ሴራሚኩ ሙቀት ቢችልም ሥሩ ያለው ተራ ፓውደር ኮት አይችልም፤ ይበልዛል፣ ይሰነጠቃል። ምድጃ ላይ የሚቀባው ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ሌላ ቀለም ነው፤ ስሙ ላይ ሴራሚክ የሚል ቢኖርበትም ከዚህኛው ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ሴራሚክ ያስደረግነው የደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ውሃ እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ ተዘርግቶ ይቀመጣል። አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ ሳታጥቡ አትፍረዱ። የመኪና ጭስ ጥላሸትና አቧራ ሴራሚኩ ላይ ሲጋገር ውሃው የሚያገኘው ቆሻሻውን ነው። በሳሙና አጥባችሁ፣ በአልኮል አንድ ቦታ ጠርጋችሁ ውሃ ርጩበት። እዚያ ቦታ ላይ ከተንከባለለ ሴራሚኩ አለ፤ ማጠብ ብቻ ነው የጎደለው። ካልተንከባለለ አልቋል፤ እንደ አዲስ አዘጋጅታችሁ ደግማችሁ ቅቡ። የወፍ ኩስ ካለ ደረቁን አትፋቁ፤ እርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አኑራችሁበት ሲለሰልስ አንሡት።